ቀይ ቀለም መኪና አያቆምም

አዳማ ውስጥ መኪና የሚያስጮህ ባለሙያ ሞልቷል። ማርሚታ የሚቀይረው፣ ሞላ ቆርጦ መኪናውን ከአስፋልት ጋር የሚያሳስመው፣ ትልልቅ ቸርኬ የሚያስገባው፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይቀበልሃል። «መኪናዬ አስተማማኝ ፍሬን እንዲኖራት እፈልጋለሁ፤ አቅሜ ደግሞ ይህችው ናት» ያልክ ዕለት ግን ፊቱ ሁሉ ይለወጣል። ወይ ይስቅብሃል፣ ወይ የማያስፈልግህን አስታቅፎ ይሸኝሃል። ከዚህ በላይ መታገሥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

የእኔዋ የቆየች ቶዮታ ሴሊካ ናት። «ሽጠህ አዲስ ግዛ» የምትሉ አትድከሙ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ እንዲህ ያለች መኪና አንዴ ከእጅህ ከወጣች ተመልሳ አትገኝም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ኪሱን የዳበሰ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ያለችኝን በወጉ መያዝ አለብኝ። ደግሞም እወዳታለሁ።

ጥሩ ፍሬን ለምን እንዳስፈለገኝ የሚጠይቀኝ ሰው ያስገርመኛል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ያስነዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል። ከ120 ስትቆም፣ ከ60 ለመቆም ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ የሆነ ሙቀት ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት (ዲስኩ)ና እሱን ጨምቆ የሚያቆመው ሸራ ላይ ይራገፋል። የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ከማንም ጋር አይደራደርም።

የእኔ ልብ ያለው ግን በአሰላው መንገድ ላይ ነው። እሑድ ማለዳ መንገዱ ሳይጨናነቅ ዴራንና ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ መውጣት፣ ኩርባውን በልክ ገብቶ በልክ መውጣት፣ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ፤ ለእኔ ዕረፍት ማለት ይህ ነው። ጣጣው የሚመጣው መልስ ላይ ነው። አሰላ ከአዳማ ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ስትወርድ በማርሽ እየያዝክም ቢሆን ፍሬኑ ይግላል። ከፊትህ ጭነት የከመረ መኪና እየተንፏቀቀ ይወርዳል። ከኩርባው ማዶ የሚጠብቅህ የበግ መንጋ ይሁን ጋሪ አታውቅም። እዚያ ላይ ፔዳሉን ስትረግጥ እየላላ ወደ ወለሉ ሲወርድ ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል።

መፍትሔ ፍለጋ ሱቅ ትገባለህ። መጀመሪያ የሚወጣልህ ምንድን ነው? ቀይ ፕላስቲክ! የታወቀውን የጣሊያን ፍሬን ሠሪ የብሬምቦን ስም በነጭ የጻፉበት፣ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ክዳን። «ወንድሜ፣ ይህን አድርግባት፣ ሌላ መኪና ትሆንልሃለች» ይልሃል ባለሱቁ። ምኗ ነው የሚለወጠው? ካሊፐሩ ያው ነው፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተንም ያው ነው። ይባስ ብሎ ክዳኑ በነፋስ መብረድ የነበረበትን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል። ይህን አልፈልግም ስትል ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ዲስክ ይቀርብልሃል። በርካሽ በተሠራ ብረት ላይ የተበሳ ቀዳዳ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሰነጠቃል። ለመንገድ መኪና ያልተበሳ፣ መሐሉ አየር የሚያሳልፍ፣ ውፍረቱ ያልጎደለ ዲስክ ይበልጣል፤ ዋጋውም ያንሳል። ስለማያብረቀርቅ ግን ማንም አንስቶ አያሳይህም።

ሸራው ላይ ስትደርስ ደምህ ይፈላል። ሳጥኑ ያምራል፣ የሚያብለጨልጭ ማኅተም ሳይቀር ተለጥፎበታል። ከውስጥ የሚወጣው ግን ጠርዙን በጥፍርህ ስትፍቀው የሚራገፍ ነገር ነው። በብዙ ደህና ሸራዎች ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ የፍትጊያ አቅማቸውን የሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ታገኛለህ። የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በጋለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ከሆነ የፍትጊያ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ደግሞ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ሁለቱም ፊደላት ኤፍ የሆኑበት ሸራ ለእኔ ዓይነት አነዳድ ደህና መነሻ ነው። ይህን ብዬ «ፊደሉ የት አለ?» ብለው ባለሱቁ የሰማይ ስባሪ የጠየቅኩት ያህል አፈጠጠብኝ። «የኮሮላ ነው፣ ይገባልሃል» አለኝ። መግባቱን መቼ ጠየቅኩ? የገባ ሁሉ ያቆማል እንዴ? ሌላው ደግሞ የውድድር ሸራ ሊሸጥልኝ ተነሣ። የውድድር ሸራ ካልጋለ በወጉ አይዝም። ጠዋት ከቤቴ እንደወጣሁ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ቢታጠፍ «ቆይ ልሙቅ» ሊለኝ ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ የፍሬን ዘይት ጉዳይ ነው፤ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ላይ ነበርና። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ዶት 3 አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ 155 ነው። ቁልቁለት ላይ ካሊፐሩ ሲግል እርጥበት የጠጣው ዘይት ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ የእግርህ ጉልበት ሁሉ እዚያው ይቀርና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቆመህ ሲበርድልህ ደግሞ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ጋራዥ ስትደርስ ፔዳሉ ጠንክሮ ይጠብቅሃል፤ «ምንም የለውም» ተብለህ ትመለሳለህ። መድኃኒቱ አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ አዲስ ዶት 4 መሙላት፣ አየሩን ከአራቱም ጎማ በደንብ ማስወጣት፣ ይህንንም በየሁለት ዓመቱ መድገም ነው። ከዚህ የረከሰ የፍሬን ማሻሻያ የለም።

እሺ፣ ዘይቱስ የት አለ? ከመደርደሪያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ፣ ግማሹ የተሸጠ ዕቃ ያወርዱልሃል። «ትንሽ ነው የተቀዳለት» ይሉሃል። ተከፍቶ ሲሰነብት እርጥበት ሲስብ ከርሟል ብትል «አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ» ነው መልሱ። የታሸገ ሲገኝ ደግሞ የምርት ቀኑ ተፍቋል። አንድ ጋራዥ ውስጥ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተን ስናይ ዘይቱ ጠቁሮ ደፍርሷል። ሠራተኛው ግን የጎደለውን ከላይ ጨመረበትና ክዳኑን ገጠመ። «ይቀየር እንጂ!» ስለው «አሁን እኮ ሞልቷል» አለኝ። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ነገር እንዲህ አድርጎ መዝጋት እንዴት ይቻላል?

ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው ፈጽሞ የሉም አልልም። ጋሼ የምላቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። እሳቸው ጎማውን ፈትተው መጀመሪያ ያወጡት ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች ነው። አንዱ ደርቆ ተጣብቋል። ሸራዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩኝ፤ የውስጡ ተበልቶ ብረቱ ሊታይ ደርሷል፣ የውጪው ገና ወፍራም ነው። «አየህ ልጄ፣ በአንድ እጁ ነበር የሚሠራው» አሉኝ። ፒኑን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ጎማ የማይበላ የሲሊኮን ግራሶ ቀብተው በአውራ ጣታቸው ሲገፉት ያለ ችግር ገባ። ሌሎቹ ሳይለኩ «ቶርኖ ይግባ» ያሉትን ዲስክ ለክተው፣ እላዩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር አስተያዩት፤ ከተላገ ከልክ በታች እንደሚሆን አስረዱኝ። አዲስ ሸራ ከገባ በኋላም ባዶ መንገድ ላይ ከ80 ወደ 20 አካባቢ እየያዝኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም፣ ደጋግሜ እንዳለማምደውና ከዚያ ሳልረግጥ ነድቼ እንዳበርደው ነገሩኝ። ለድካማቸው የጠየቁኝ ከቀዩ ክዳን ዋጋ ያነሰ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ሰው ጥግ ይዘው ተቀምጠው፣ ወረፋው ክዳን ለጣፊው ዘንድ ነው!

ጎማውንም አትርሱ። ፍሬን ጎማውን ነው የሚይዘው፤ መኪናውን ከአስፋልቱ ጋር የሚያያይዘው ጎማው ነው። ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 23ኛው ሳምንት ነው። የደረቀ አሮጌ ጎማ ላይ ስድስት ፒስተን ያለው ካሊፐር ብትሰቅል ገንዘብህን ነው የጣልከው።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም» የምትሉኝም አላችሁ። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ግን ቤተሰቡን ጭኖ ከአሰላ ሠርግ የሚመለሰው ባለቪትዝስ? እሱም የሚወርደው ያንኑ ቁልቁለት ነው፤ ሕፃን ሮጦ መንገድ ሲገባበት የሚረግጠውም ያንኑ ፔዳል ነው። የተፈረፈረው ሸራና የተከፈተው ዘይት ለእሱም ነው የሚሸጠው፤ እሱ ደግሞ ፊደል አይጠይቅም፣ ቀን አያይም፣ ባለሱቁን አምኖ ነው የሚገዛው። የእኔን ንዴት የሚያብሰው ይህ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አዳማ ወይም ሞጆ ውስጥ ያልተከፈተ፣ የምርት ቀኑ የሚነበብ ዶት 4 የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ፊደሉ የታተመበት የሴሊካ የፊት ሸራ ያላችሁ ባለሱቆችም ፎቶውን ከነፊደሉ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ካየሁት በዚያው ቀን መጥቼ እወስዳለሁ።