የካርቶን ቼክ ይባረክ

ባለፈው ሳምንት አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ስታርትአፖችን፣ ማለትም ጀማሪ ድርጅቶችን፣ በሚሸልምበት ዝግጅት ላይ ተገኝቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አድናቆቴን የማደርግበት ጠፍቶኛል። ነገሩን እናንተም ታውቁታላችሁ። ባነሩን፣ ወለል ላይ የተዘረጋውን ባለቀለም ትራስ፣ ግድግዳው ላይ «ነገን ዛሬ እንፈጥራለን» የሚለውን ጽሑፍ። ከጠዋት እስከ ምሳ ስለ ሥራ ፈጠራ ተወራ። «ሽያጭ» የምትል ቃል አንዴ እንኳ ሳትነሳ ዝግጅቱ በሰላም ተጠናቀቀ። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ልምድ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ቼኩ ነው።

የካርቶን ቼኩን ማለቴ ነው፤ በር የሚያክለውን። አሸናፊዋ ተማሪ በአንድ ጫፍ፣ ኃላፊው በሌላው ጫፍ ያዙት። መሐል ላይ ከቼኩ በላይ ጭንቅላታቸው ብቻ የሚታይ እንግዶች ተደረደሩ። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ቀኝ» አለ። ቼኩ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እንግዶቹም ተከተሉት። «ትንሽ ዝቅ» አለ። ሁሉም ዝቅ አሉ። መብራቱ ቁጥሩ ላይ ሲያንጸባርቅ ቼኩን ጋደል አደረጉት። በዚህ መሐል ተማሪዋ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ማይኩ ግን ቀድሞ ለስፖንሰሩ ተሰጥቷል።

ቀረብ ብዬ አየሁት። የተማሪዋ ስም የተጻፈው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ነው። ጥጉ ትንሽ ተላጧል። ከሥሩ የአምናው አሸናፊ ስም ብቅ ብሏል። እሱም ተለጣፊ ነው፤ ከእሱ ሥር ማን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ከታች በኩል በደቃቅ ፊደል «ሽልማቱ በዓይነት የሚሰጥ ሥልጠናን፣ የማማከር አገልግሎትንና የቢሮ ቦታን ያካትታል» ይላል። እንግዲህ ሥልጠናው ሲቀነስ፣ ምክሩ ሲቀነስ፣ ወንበሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ካርቶኑ ነው።

ካርቶኑም ቢሆን አልተረፈላትም። ፎቶው እንዳለቀ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መጥቶ በትሕትና ተቀበላት። ለከርሞ ያስፈልጋላ! በሁለት እጁ አቀፈው፣ በበሩ አልወጣ ሲለው በጎኑ አዞረው፣ ከዚያ አጋድሞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዞት ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ሰው እንኳ ላሟን መልስ ተብሎ አያውቅም።

ማንም እንዳያጣጥለው። በዩኒቨርሲቲው የሥራ ፈጠራ ማዕከል ውስጥ ከዓመት ዓመት ሳይከስር የዘለቀ ብቸኛው ድርጅት ይህ ቼክ ነው። ወጪ የለበትም። ሠራተኛ አይቀጥርም። በየዓመቱ ስሙን ይቀይራል፤ በየዓመቱ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። ኢንቨስተር ብሆን ገንዘቤን የማፈሰው ቼኩ ላይ ነበር።

ሜንተሮቹን፣ ማለትም የተማሪዎቹን መካሪዎች፣ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አንዱ ከወር ደመወዝ በቀር ገንዘብ ገብቶለት አያውቅም፤ «ሪስክ መውሰድ» የሚለውን ክፍል የሚያስተምረው እሱ ነው። ሌላው ሦስት ኩባንያ መሥርቻለሁ ይላል፤ ሦስቱም የሥልጠና ኩባንያ ናቸው። ተማሪው ሐሳቡን ይዞ ሲመጣ ዘጠኝ ሳጥን ያለው ወረቀት ያስይዙታል፤ የቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ። ወረቀቱ ምንም ክፋት የለውም። ደንበኛዬ እገሌ ነው ብለህ የገመትከውን ትጽፍበታለህ፤ ከዚያ ወጥተህ ሰው እየጠየቅህ ግምትህን ታፈርሳለህ። እዚህ ግን «ወጥተህ» የሚለው ተዘልሏል፤ ውጭ ፀሐይ ስላለ ይሆናል። ሳጥኖቹ ይሞላሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ ይበላል።

የፌስቡክ ታሪክም መነሳቱ አይቀርም። ተነሳ። «እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የተማሪዎች መኝታ ክፍል ውስጥ...» ሲሉ የኃላፊው ዓይን እንባ አቀረረ። እውነት ነው፤ ሃርቫርድ ውስጥ፣ መኝታ ክፍል ነው የተጀመረው። ያልነገሩን ነገር ቢኖር፣ መሥራቹ ማርክ ዙከርበርግ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሠራው ሌላ ድረ ገጽ ሰበብ ዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ቦርድ ፊት አቁሞት እንደነበር ነው። ትራስ አልሰጠውም፤ ካንቫስም አልሰጠውም። የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ምንም ሳይቸግረው።

የመጀመሪያው ኢንኩቤተር፣ ማለትም ጀማሪ ድርጅቶችን አቅፎ የሚያሳድግ ማዕከል፣ የሚባለውማ ጭራሽ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በኒው ዮርክ ግዛት ባታቪያ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ትልቅ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ተዘግቶ ሕዝቡ ሥራ ፈቷል። ጆሴፍ ማንኩሶ የሚባል ሰው ባዶውን ሕንፃ ከፋፍሎ ለትንንሽ ድርጅቶች አከራየው። አከራየው! ከተከራዮቹ አንዱ ጫጩት ፈልፋይ ነበር። ስላይድ የሌለው ድርጅት እንዴት እዚያ እንደገባ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው፣ ስታርትአፖችን የሚደግፈው የአሜሪካው ድርጅት ዋይ ኮምቢኔተርም ቢሆን ለመሥራቾቹ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ከድርጅታቸው ድርሻ የሚወስድ ነው። እነሱ ሲከስሩ አብሮ ሊከስር! ምን የሚሉት ጥንቃቄ ማጣት ነው? በእኛው ማዕከል ተማሪው ቢነሳም ቢወድቅም ሪፖርቱ ያው ነው።

እሺ፣ ቀልዱን ላቁመው። ያቺን አሸናፊ አዳራሹ በር ላይ አግኝቼ አናገርኳት። የሠራችው ነገር ይሠራል። ቧንቧ ማፍሰስ ሲጀምር ለይቶ በስልክ መልእክት የሚልክ ትንሽ ሳጥን ነው። የምትኖርበት ማደሪያ ቧንቧ ሌት ተቀን ያንጠባጥባል፤ የሞከረችውም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን አይገዛትም። የግዢ ክፍሉ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድና በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ አምጪ ብሏታል። የምትሠራበት ላቦራቶሪ 11 ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ እሷ ከክፍል የምትወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው። ቁልፍ ስትጠይቅ ደብዳቤ አጽፊ አሏት። ስታጽፍ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስለ ሥራ ፈጠራ። ፈጠራው የእኔ ነው ወይስ የእናንተ ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት የለም፤ ስትገባ ካስፈረሟት ቅጽ ግን ኮፒ እንኳ አልሰጧትም። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ፈጠራው የፈጣሪው ነው ብሎ በደንቡ ከጻፈ ቆይቷል፤ ሰማይ አልተደፋበትም። ልጅቷ ዕቃዎቹን የገዛችው ከዘመድ ተበድራ ነው። ፎቶዋን ብሮሹር ላይ ሲያወጡት ማንም ደብዳቤ አጽፊ አላላትም። ይሄ ድጋፍ አይደለም። በሰው ላብ መድመቅ ነው። ነውር ነው!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የማዕከሉን ዓመታዊ ሪፖርት አይቼዋለሁ፤ ወረቀቱ እንዴት ያምራል። «የተደገፉ ስታርትአፖች» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ የቧንቧዋ ልጅ ሦስት ቦታ ተጽፋለች። መጀመሪያ በቧንቧ። ቀጥሎ አንዱ ሜንተር «ወደ ግብርና ብታዞሪው» ስላላት በመስኖ። ሌላው ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨምሪበት» ሲላት በሦስተኛ ስም። አንድ ልጅ፣ አንድ ሳጥን፣ ሦስት ስታርትአፕ። «የተፈጠሩ የሥራ ዕድሎች» በሚለው ሥርም አራት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ጸሐፊዋ፣ አስተባባሪውና ፎቶ አንሺው።

የቀጣዩ ዙር ምዝገባ ተከፍቷል። አንድ ቡድን ቢበዛ በስንት ስም መቆጠር እንደሚችል መመሪያው አይገድብም።