ሰባተኛው የመጨረሻ ሰመር

ሀገር ቤት ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር አንድ ነው። እኛ ጋ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ጠቅላይ በየፎቁ ነው። ከስካይላይን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትዞሩ «ዘንድሮ ጠቅልለን እንገባለን» የሚል ቤተሰብ የሌለበት ሕንፃ አታገኙም።

ዛሬ እነዚህን ጠቅላዮች ላመሰግናቸው ነው። በተለይ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በር ለበር የምንተያየውን ጎረቤቶቼን። ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆች። ስማቸውን አልጠራም። ባልጠራውም ብዙ ቤተሰብ «እኛን ነው የጻፈብን» ብሎ እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ።

እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ስድስት የመጨረሻ ሰመር አሳልፈዋል። ስድስት! ለሌላው ሰው መጨረሻ የሚመጣው አንዴ ነው፤ እሱንም በቅጡ ሳያጣጥመው ያልፈዋል። እነሱ ግን ተካኑበት።

የመጀመሪያው የመጨረሻ ሰመር ትዝ ይለኛል። ሐምሌ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ (የእውነቱ) ዋሽንግተን ድረስ መጥተው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያነጋገሩ ጊዜ። ባልየው ከዚያ ሲመለስ ከጩኸት ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ነበር። በምልክት ነው ያወራን። በዚያው ሳምንት ሶፋቸውን ሸጡ። መስከረም ላይ አዲስ ሶፋ ገዙ። የድሮው ሦስት ሰው ነበር የሚያስቀምጠው። ይኼኛው ሰባት ያስቀምጣል፣ ጥግም ይዞራል።

ወደ ጥበቡ ልግባ። የመጨረሻ ሰመር የሚከፈተው በሜይ የመጨረሻ ሰኞ፣ በሜሞሪያል ዴይ ነው። የሚከፈተውም በአንዲት ቃል ነው፤ «ሳንሄድ»። ይህቺ ቃል የማትከፍተው ቦርሳ የለም።

«ሳንሄድ ኦሽን ሲቲን እንያት።» ሦስት ሰዓት መንዳት ብቻ የሚጠይቀው ባሕር ለዓመታት ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ሊሄዱ ሲሉ ግን ናፈቃቸው። ወደዚያ ለመድረስ የቼሳፒክን ድልድይ መሻገር አለ፤ ርዝመቱ ከአራት ማይል በላይ ነው። ሚስትየው ከፍታ ስለምትፈራ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሻገረው። ስድስት ጊዜ ተሰናብታዋለች። አንዴም አላየችውም።

«ሳንሄድ ኒያጋራን።» ባልየው የባሕር ዳር ልጅ ነው። ጢስ ዓባይ ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ሄዶ አያውቅም። ኒያጋራን ግን ሦስት ጊዜ ተሰናብቶታል። ፎቶውን አሳይቶኛል፤ ጀልባው ላይ ከነቤተሰቡ ሰማያዊ ላስቲክ ለብሶ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሰው እስካሁን ተጠቅልሎ የገባው እዚያ ላስቲክ ውስጥ ብቻ ነው።

«ሳንሄድ ልጆቹን ኦርላንዶ እንውሰዳቸው።» ሚስትየው ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሀገር ቤት ሚኪ ማውስ የት ያገኛሉ?» አለች። አይጥ እንኳን እዚያም አይጠፋም አልኳት። አልሳቀችም።

ኳሱን ረስቼው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ፣ በጁላይ 4 ሰሞን፣ አንድ ከተማ ላይ ይሰበስበናል። በ2023 ዳላስ ነበር። ጎረቤቶቼ «ለመጨረሻ ጊዜ ከሰው ጋር እንተቃቀፍ» ብለው ሄዱ። ያገኙትን ሁሉ አቀፉ፣ አለቀሱ፣ ስልክ ተለዋወጡ። በ2025 ሲያትል ላይ እነዚያኑ ሰዎች አገኟቸው። ማንም «አልሄዳችሁም እንዴ?» ብሎ አልጠየቀም። ጨዋ ሕዝብ ነን። ደግሞም ዳላስ ላይ «እኛም ሄደናል በሉን» ያሉት እነሱው ነበሩ። በነገራችን ላይ ኳሱን ማን እንዳሸነፈ ጠይቄያቸው ነበር። ኳስ ነበር እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የጥበቡ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ሰመር የሚያልቀው በሌበር ዴይ ነው። በዚያ ምሽት ባልየው ሰባት ሰው በሚያስቀምጠው ሶፋ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሂሳብ ይሠራል። ሆቴል፣ ቤንዚን፣ የኦርላንዶ መግቢያ፣ የሲያትል ትኬት ለአራት ሰው። ለጉዞ የተቀመጠው ገንዘብ በስንብት አልቋል። ክሬዲት ካርዱ ደግሞ ጣሪያ ነክቷል። «ዕዳ ይዞ ሀገር መግባት ነውር ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ እንሥራ» ይላል። ይሠራሉ። እሱ ሁለት ሺፍት ይገባል፣ እሷ ቅዳሜንም ትጨምራለች። ኤፕሪል ላይ ዕዳው ያልቃል። ሜይ ላይ ነፃ ሰው ይሆናሉ። ነፃ ሰው ምን ያግደዋል? ሀገሩ ይገባል። ሊገባ ነው። ሳይገባ ግን ኦሽን ሲቲን ማየት አለበት።

ትምህርት ቤት እያለሁ የውሃ ዑደት የሚባል ነገር አጥንቼ ነበር። ባሕሩ ይተናል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል፣ ተመልሶ ባሕር ይገባል። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ምክንያት አይጠፋም፤ አምላክና መንግሥት በየተራ ያቀብሏቸዋል። ኮቪድና ጦርነቱ ሁለት ዓመት አስታገሷቸው። ለገና 2022 አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ይምጣ ተብሎ ሲጠራ፣ «ሰው ይበዛል፣ ግርግሩ ይለፍ» አሉ። ከዚያ መኪና መጣ። ባልየው ቶዮታ ፎር ራነሩን በመርከብ ሊልክ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ ሀገር ቤት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ተባለ። «እኔ እኮ ልገባ ነበር፣ መኪናው ነው የቀረው» አለኝ። መኪናውን ትቶ መግባት እንደሚቻል ላስረዳው ሞከርኩ። ልጅህን ትተህ ግባ ያልኩት ይመስል ተቆጣ።

የብሩ ነገር ደግሞ አለ። ዶላር በባንክ ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ ሳለ «ምንዛሪው እስኪስተካከል» ይሉ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ይመራ ተባለና ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ተስተካከለ ማለት ነው። «አሁንማ እዚያ ኑሮው አይቀመስም» አሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያስቀናል። በር ሲዘጋ ተዘጋ ብሎ ይቀራል፣ ሲከፈት ነፋስ ይመታኛል ብሎ ይቀራል።

ሶሻል ሴኩሪቲም አለላችሁ። ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም፤ ስለዚህ አሥር ዓመት ነው። «አርባውን ሞልተን» ይሉ ነበር። አርባው ከሞላ ቆየ። አሁን ሙሉውን ጡረታ የሚያገኙበትን 67 ዓመት ይጠብቃሉ። ባልየው አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶችም በዚህ ጥበብ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም አላቸው፣ ታናሽ ወንድሙ ነው የሚጠብቀው። ተከራዩ በየዓመቱ ሰኔ ላይ «ባለቤቶቹ ሊገቡ ነው፣ ልቀቅ» ይባላል። ቤቱ ቀለም ይቀባል። መስከረም ላይ ያው ተከራይ «ቀለም የተቀባ ቤት ነው» ተብሎ በተጨመረ ዋጋ ይገባል። የሰውየው ዕቃ ከመውጣትና ከመግባት ብዛት ራሱ ደረጃውን ሳያውቀው አይቀርም። በሰፈሩ እንደሱ ጠቅልሎ የወጣ፣ ጠቅልሎ የገባ የለም።

ወንድምየው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይደውላል። ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ እኔም እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ በጉን ልግዛ ወይስ ልቆይ?»

«ቆይ እስቲ፣ ትኬቱን እያየን ነው።»

«ፍልሰታ ሳይገባ ከመጣችሁ ብዬ ነው። ከገባ ግን በጉም ይጾማል።»

«እንደውም ለእንቁጣጣሽ ብንመጣ ይሻላል። አሁን ዝናቡ እንዴት ነው?»

ዝናቡ እንዴት ይሆናል? ሐምሌ ነው! እኛ እዚህ ሰመር እያልን በቁምጣ ስንንጎራደድ፣ እዚያ ሰው ጋቢ ደርቦ በረዶ ከጣሪያ ይጠርጋል። ይህም ለጎረቤቶቼ መልካም ሆነላቸው። በዝናብ ዕቃ አይራገፍም፣ ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፣ ስለዚህ ለገና ዕረፍት። ገና ላይ ትኬት ይወደዳል፣ ስለዚህ ለፋሲካ። ፋሲካ ላይ «ከዚህ በኋላማ ሰመር ደረሰ አይደል?» ይባላል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይባላል ድሮ። እኛ ዘንድ በርበሬው በየዓመቱ ይቀነጠሳል። ሰርገኛው ነው የሚቀረው።

ልጆቹን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ነው። ትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከክፍል ጓደኞቿ የመሰናበቻ ካርድ ይሰጣታል። ሦስት አላት። ሦስቱም ላይ የፈረሙት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን በየዓመቱ እያማረ ሄዷል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ቦርሳዋን አዝላ ስትመለስ ማንም አይገረምም። ትልቁ ልጅ አሁን አሥራ አምስት ሞልቶታል። ባለፈው ሰመር ሊፍት ውስጥ አግኝቼው «ልትሄዱ ነው አሉ?» አልኩት። «ወደ የትኛው ቢች?» አለኝ። በአማርኛ ነው የመለሰልኝ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሽኝቱ ደግሞ ራሱን የቻለ በዓል ነው። ኦገስት ሁለተኛ ቅዳሜ፣ የሕንፃው አዳራሽ። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ኬክ። ኬክ ጋጋሪዋ ምን ይጻፍበት ብላ መጠየቅ ካቆመች ቆየች። ሰው ፖስታ ይዞ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ አባት አሉን፣ በየዓመቱ እሳቸው ናቸው የሚመርቁት። «ሀገራችሁ በሰላም ያግባችሁ፣ ደጃችሁ አይዘጋ፣ እናትና አባታችሁን በሕይወት ያቆይላችሁ።» አሜን እንላለን። ባለፈው ዓመት ምርቃቱን ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «የአምናው እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «በመንገድ ላይ ነው አባቴ» አልኳቸው።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ቤተሰብ የእውነት ሄደ። ጃንዋሪ ላይ፣ በብርድ፣ አንድም ሰው ሳይሸኛቸው። በሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ የዋሽንግተኑ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አለቀ። የሰማነው የዕድር መዋጮ ሲቋረጥ ነው። ኦሽን ሲቲ የለ፣ ኒያጋራ የለ፣ ኬክ የለ። ሰዉ ተቆጣ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ። «ምን አጥፍተው ይሆን?» የሚሉ አሉ። «ታመው ነው» የሚሉም አሉ። ጎረቤቴ ሚስትየው ለሳምንት አልተዋጠላትም። «ሰው እንዴት ሳይሰናበት ይሄዳል? ባለጌ ነገር!» አለች። አሁን አዲስ አበባ ሱቅ ከፍተዋል ይባላል። ይበላቸው።

እኔ እንኳን ከዚህ ሁሉ ጥቅም አለኝ፣ አልዋሽም። ጎረቤቶቼ በየሰመሩ መጨረሻ ዕቃ ሲያከፋፍሉ ለእኔ የደረሰኝ የሥጋ መጥበሻ ግሪላቸው ነው። ትልቅ፣ ጎማ ያለው፣ ክዳኑ ከባድ። «ላንተ ይሁን፣ እኛማ ሄድን» ብለው ይሰጡኛል። መስከረም ላይ «ያቺን ነገር ለአንድ ቅዳሜ ብታውሰን» ይሉኛል። ውሰት ብለው የወሰዱት እስከ ሚቀጥለው ኦገስት እዚያው ይከርማል። ስድስት ጊዜ ስጦታ ሆኖ ገብቷል፣ ስድስት ጊዜ በውሰት ወጥቷል። ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የጎማው መንገድ ወጥቷል።

ባለፈው እሑድ በሬ ተንኳኳ። ገና ሜይ ነው፣ ኦገስት አልደረሰም። ባልየው ግሪሉን እየገፋ ቆሟል። ከስቷል፣ ፊቱ ግን ያበራል፤ ዕዳው ማለቁን ገምቻለሁ።

«አንተ፣ ዘንድሮስ የምር ነው» አለኝ። «ከወዲሁ ያዘው።»

ደስ አለኝ፣ ተቃቀፍን። አዘንኩም መሰለኝ።

«ታዲያ ሳትሄዱ አንድ ቀን ሥጋ አንጠብስበትም?» አልኩት።

ከሰሉን አስቀድሞ ገዝቶ፣ መኪናው ውስጥ አስቀምጦት ነበር።