ስትሮም ተርመንድ ልባቸው ነው የተለወጠው ወይስ መራጩ?

ስትሮም ተርመንድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የደቡብ ካሮላይና ሴናተር ነበሩ። የዘር መለያየት ጠበቃ ሆነው ጀምረው ኋላ ላይ ጥቁሮችን የሚጠቅሙ ሕጎችን ደገፉ። ተለውጠዋል? ሁለት ጸሐፊዎች አልተስማሙም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተለውጠዋል ባዩ፦ በ1948 የዘር መለያየትን ይዘው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው አራት ግዛት አሸንፈዋል። እኚሁ ሰው በ1971 ቶማስ ሞስ የተባለ ጥቁር ረዳት ቀጠሩ። በ1983 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ድምፅ ሰጡ። ይሄ ቀላል ነው እንዴ?

አልተለወጠም ባይዋ፦ ጋሼ፣ 1971ን ከ1970 ነጥለው አይዩት። በ1970 ተርመንድ የደገፈው አልበርት ዋትሰን ዘርን መቀስቀሻ አድርጎ ለገዥነት ተወዳደረና ተሸነፈ። ጥቁሮች በ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ተመዝግበው ድምፅ መስጠት ጀምረው ነበራ! ያንን ሕግ ደግሞ ተርመንድ ተቃውሞታል።

ለመቃወም ሲነሳ እንዴት እንደሚለፋ ደግሞ በ1957 አይተናል። የሲቪል መብት ሕጉን ለማዘግየት 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። ሽንት እንዳያስቸግረው ቀድሞ ስቲም ገብቶ ሰውነቱን አደረቀ። ረዳቱ ለማንኛውም ብሎ ባልዲ ይዞ ጓዳ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው የየግዛቱን የምርጫ ሕግ ሳይቀር እያነበበ ሰዓት ገደለ። ሕጉ ግን ንግግሩን በጨረሰ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ጸደቀ።

ተለውጠዋል ባዩ፦ የኔ ልጅ፣ መራጭ ፈርተው ቢለወጡስ ምን ነውር አለው? ምርጫ ለምን ሆነና! ለጥቁሮች ኮሌጅ የፌዴራል ገንዘብ ሲመጣ ልባቸውን ማን ይመረምራል?

አልተለወጠም ባይዋ፦ እሺ፣ ለድምፅ ነው ይበሉኝና እንስማማ። ለውጥ ግን አይበሉብኝ። በ22 ዓመቱ፣ በወላጆቹ ቤት ትሠራ ከነበረች የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ሴት ልጅ ወልዷል። ኤሲ ሜ ዋሽንግተን ዊሊያምስ ትባላለች። ገንዘብ በድብቅ ይሰጣት ነበር፤ በአደባባይ ግን ልጄ ብሎ አያውቅም። እሷም የተናገረችው እሱ በ2003 ከሞተ በኋላ ነው፣ በ78 ዓመቷ።

ተለውጠዋል ባዩ፦ ስሟ እኮ ሐውልታቸው ላይ አለ። “የአራት ልጆች አባት” የሚለው በ2004 “የአምስት” ተብሎ ታርሟል።

አልተለወጠም ባይዋ፦ ያረመው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፣ ጋሼ። ሐውልቱ በ1999 “አራት” ተብሎ ሲመረቅ ሰውየው በሕይወት ነበር።