«ራሱን እያሻሻለ ነው»

ኧረ ተዉኝ! ዛሬ ማንም ሰው አጠገቤ «አፕዴት» የሚል ቃል እንዳይጠራ። ጣቴ ደንዝዞ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ የደብረ ብርሃንን ብርድ ውቀሱ።

ሳምንቱን ሙሉ «የፎቶኮፒ ቤቴን ኮምፒውተር አፕዴት ላድርገው ወይስ ልተወው?» እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ማሽኑ «አዲስ አፕዴት አለ» እያለ ሲነዘንዘኝ ምክር ሰበሰብኩ። ዘጠኝ ሰው፣ በጣቴ ቆጥሬ። ሰባቱ «አድርጊው፣ ምንም አይልሽም» አሉ። አንዷ «እኔ እንጃ»። ያ ፍላሽ የሚሸጠው ልጅ ብቻ «አትቸኩይ፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ መጀመሪያ ሌላው ይቅመሰው» አለኝ። እኔ ማንን ሰማሁ? ሰባቱን። የድምፅ ብልጫ ነዋ!

ዛሬ ተናድጄ መልሼ ስጠይቃቸው ከሰባቱ አምስቱ ኮምፒውተር አፕዴት አድርገው አያውቁም። የነገሩኝ የስልካቸውን ነው! በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የቀሩት ሁለቱ አድርገዋል፣ ግን ፕሪንተር የላቸውም። ፎቶኮፒ ቤት ለምትሠራ ሴት ፕሪንተር የሌለው ሰው ምስክር ይሆናል?

ጠዋት ስከፍት ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች። 34 ፐርሰንት። «ኮምፒውተሩን አያጥፉ።» እኔ ባላጠፋው መብራት ያጠፋዋል ብዬ ነፍሴ በአፍንጫዬ ልትወጣ! ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) እንደሆነ አራት ደቂቃ ጮኾ የሚሞት ነው።

ሦስት ተማሪዎች ወረፋ ይዘዋል። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው፣ አቤቱታ ሊያስጽፉ ቁጭ ብለዋል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤት መግባት አለበት።

«ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«አፕዴት እያደረገ ነው፣ አባባ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ራሱን እያሻሻለ ነው።»

ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«እሱስ ይሻሻል። አንቺስ መቼ ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቅ በሳቅ! አንዷማ ግድግዳ ይዛ ነው። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ ግን ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። እሳቸው ረጋ ብለው ተነሱ። «በእጁ የሚጽፍ ሰው አላጣም» ብለው ወጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ 100 ሞላ። ተመስገን ስል ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ። አራት ዓመት አብረው የበሉ! ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ከአዲሱ ጋር አልተግባባም አለኝ ጠጋኙ። 500 ብር ተቀብሎ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ባለፈው ደግሞ ጠባሴ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የባንኩ አፕ «አፕዴት ካላደረግሽ አልከፍትም» አለኝ። ዳታ የለኝ፣ ጥሬ ብር የለኝ፣ ባለባጃጁ በመስታወት ያየኛል። ሌባ መስዬ ሃያ ብር ለመንኩ!

«ታዲያ አታድርጊዋ» እንዳትሉኝ። አለማድረጉም ጣጣ ነው። በ2009 ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። «በኋላ» ሲሉ የከረሙት ተበሉ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ደግሞ ተገላቢጦሽ፦ ኮምፒውተር ከጥቃት ጠባቂ የተባለው ኩባንያ፣ የክራውድስትራይክ፣ አንድ ብልሹ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተር ዘረረ። በረራ ሳይቀር ተሰረዘ። የባንክና የአየር መንገድ ባለሙያዎች ያልዳኑበትን እኔ በዘጠኝ ሰው ምክር ልድንበት?

አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ እኒያ አባት በበሩ አለፉ። በእጅ የተጻፈች ወረቀታቸውን፣ ማኅተም አርፎባት፣ አጣጥፈው ይዘዋል። ቆም አሉና አንገታቸውን አስገቡ።

«ተሻሻለ?»

«ገና ነው፣ አባባ።»