ይድረስ ለክቡር አቶ በሹፌር እጅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር መድኃኔዓለም ይመስገን፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። (ወሎ ነን፤ ሁለቱንም ብንል ማንም አይቀየመንም።) ናፍቆቱ እንኳን እውነት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ተገትሬ ስናፍቅዎት ነው ያመሸሁት።

የምጽፍልዎ ልከስዎ አይደለም። ሹመት ስለታሰበልዎት ነው። ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ ኢኮኖሚክስ የተማረ ወዳጄ፣ "የመንግሥት ፖስታ ቤት ለምን ያስፈልጋል? ለግል ቢለቀቅ በግማሽ ዋጋ ያደርሰው ነበር" ብሎ ተነሳ። ቶናው ሳይቀዳ ግማሹ ቤት ተስማማ። በረካ ላይ ስንደርስ ፖስታ ቤቱን ዘግተነው ነበር።

እኔ ዝም አልኩ። የግሉን አድራሽ አውቀዋለኋ። እርስዎ ነዎት፤ ዕቃ በሹፌር እጅ የመላኩ ልማዳችን።

ርካሽ መሆንዎን አልክድም። ቢሮ የለዎትም። ኪራይ የለብዎትም። ቴምብር አይለጥፉም። ደረሰኝ የሚባለውን ነገር በሩቁም አያውቁት። ታሪፍዎ የላኪው ፊት ነው፤ የቸኮለ ይጨምራል፣ የአገር ልጅ ይቀንሳል። ፈጣንም ነዎት። ማለዳ አዲስ አበባ የተቀበሉት ዕቃ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴን አልፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ በዚያው ቀን ደሴ ይገባል። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በዚህ ማን ይወዳደርዎታል?

ቀሪውን መንገድ ግን የምጨርሰው እኔ ነኝ።

"ታርጋውን ጻፍ፣ ነጭ ሃይሩፍ ነው" ይለኛል ላኪው። እስቲ መናኸሪያው ውስጥ ነጭ ያልሆነ ሃይሩፍ ያሳዩኝ። ለሹፌሩ እደውላለሁ። ዝግ ነው። እንደገና እደውላለሁ። "አብሽር፣ ኮምቦልቻ ገብተናል!" ይላል። ከኋላው "ማንጎ! ማንጎ!" የሚሉ የሮቢት ልጆች ይሰማሉ። ለባጃጅ እከፍላለሁ። ስጠብቅ ለሻይ እከፍላለሁ። ሻዩ ሲያልቅ ወንበሩን ላለመልቀቅ ሌላ ሻይ አዛለሁ። በመጨረሻ መኪናው መናኸሪያ ሳይገባ ቧንቧ ውሃ ላይ ሰው ያራግፍና ስልኬ ይጮኻል። "የት ነህ አንተ? ፍጠን እንጂ፣ ልንቀሳቀስ ነው!" ከሰዓቱን ሙሉ የቆምኩት እኔ፣ አርፋጅ የተባልኩትም እኔ።

የወንድሜ ዲግሪ ነገር ደግሞ አለ። ከወልዲያ በእርስዎ በኩል ተላከ። ሹፌሩ ሐይቅ ላይ ቆሞ ዓሣ ገዛና ከዲግሪው ጋር በአንድ ፌስታል አሳፈረው። ወረቀቱ ደርሷል፣ ሐቂቃ ይነገር። ሥራ ሊያመለክት ሲሄድ ግን የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማመልከቻውን በሁለት ጣቷ ተቀብላ መስኮቱን ከፈተችው።

ወዳጄ ዋጋ ሲያወዳድር የቴምብሩን ዋጋና ለሹፌሩ የተሰጠችውን ብር ነው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው። ባጃጁን፣ ሻዩን፣ ሩጫዬን አይደምርም። ቀሪውን መንገድ ለሌላ መተው የእርስዎ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስልዎት። ኮራ ይበሉ፣ ባሕር ማዶ ትልልቅ ዘመዶች አሉዎት። አሜሪካ ውስጥ የግሎቹ ዕቃ አድራሾች ፌዴክስና ዩፒኤስ ለብዙ ዓመታት ቀለል ያለውን ዕቃ ሩቁን መንገድ ራሳቸው ያመጡና፣ ቤት ለቤት ማደሉን ለመንግሥቱ ፖስተኛ ያስረክቡ ነበር። በእርግጥ ከፍለው ነው። እርስዎ ለእኔ አይከፍሉም።

ዴንማርክማ ጉዳዩን ጨረሰችው። ከ1624 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው የመንግሥት ፖስታ በ2025 መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ደብዳቤ ማደል አቆመ። ሰዉ ደብዳቤ መጻፍ ትቷል። ቀያዮቹ የመንገድ ሣጥኖች ተነቀሉ። ሥራውን የግል ድርጅት ወሰደው። ደብዳቤ የሚልክ ሰው ሱቅ ድረስ ይዞ ይሄዳል፤ ቤቴ መጥታችሁ ውሰዱልኝ ካለ ይጨምራል። ኮፐንሃገንም መናኸሪያ መውጣት ጀመረች ማለት ነው።

ለወዳጄ ፍርድ ላላጓድልበት። በዚያው በፈረንጆቹ ቁጥር በ1844 ላይሳንደር ስፑነር የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃ የራሱን የደብዳቤ ድርጅት ከፈተ። ከመንግሥት እጅግ ባነሰ ዋጋ ያደርስ ነበር። መንግሥት በሕግ አሯሯጠው፣ አስቆመውም። በዓመቱ ግን ምክር ቤቱ የመንግሥቱን ፖስታ ዋጋ ቀነሰ። ጥሩ፤ ፉክክር እንቅልፋምን ይቀሰቅሳል። እርስዎም አንዳንዱን ቢሮ ቢቀሰቅሱልኝ ደስታዬ ነው። ግን ስፑነር የመረጣቸውን ከተሞች ይዩልኝ። ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር። ሁሉም ትልልቅ፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ። ወደ እኛ ቢመጣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ ይል ነበር። ከዋናው መስመር ወጣ ያለችውን ወገል ጤናን አይጠራትም።

ፖስታ ቤት በዓለም ላይ የተከበረው ግን ወገል ጤናን በመጥራቱ ነው። እንግሊዞች በ1840 ለደብዳቤ አንድ ዋጋ ቆረጡ። ለንደን ውስጥም ይሁን ስኮትላንድ ድረስ፣ ለቀላል ደብዳቤ አንድ ፔኒ። የቅርቡ ትርፍ የሩቁን ኪሳራ ይሸፍናል። ላኪው ቀድሞ ይከፍላል። ከዚያ በፊት በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። (በዚህች ቃል ዓይንዎ እንደበራ ይታወቀኛል። አዎ፣ ሹፌሩ "ሂሳቡ አንተ ጋ ነው ተብዬአለሁ" ያለኝን አልረሳሁም። ላኪው ከፍሏል።)

የእኛውስ ፖስታ ቤት? ምኒልክ ያቋቋሙት፣ አሁን በእኛው አቆጣጠር ነው፣ በ1886 ነው። በ1901 አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይህን ሁሉ ዕድሜ ይዞም እኛ በብዛት የምናውቀው ሣጥን ቁጥሩን ነው። ቁልፍህን ይዘህ ትሄዳለህ። ደጃፍ ማንኳኳት የብዙዎቻችን ትዝታ ውስጥ የለም። ስለዚህ እሱም ቢሆን ቀሪውን መንገድ በእኔ እግር ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ሣጥኑ አይጮህብኝም። ዛሬ ባልሄድ ነገ እዚያው አገኘዋለሁ። ወደ መርሳ ይዞብኝ አይነዳም።

እንግዲህ ወዳጄ ሹመትዎን አጽድቆ ጨርሷል። እኔ ከመፈረሜ በፊት አንድ ጨረታ ላቅርብልዎ። ከወገል ጤና ወጣ ብሎ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ስልክ አይወዱም። መናኸሪያ ውጡ ቢባሉ የሚወጡበት ጉልበት የላቸውም። መነጽር ተሠርቶላቸው ደሴ እኔ ጋ ተቀምጧል። ለኮምቦልቻ በሚያስከፍሉት ዋጋ ያደርሱልኛል? አይሆንም ካሉ ስንት ይላሉ? ታዲያ እስከ ወገል ጤና ያለውን አይደለም የምጠይቅዎ፤ እሱንማ ማንም ይነግረኛል። ከመኪናው መውረጃ እስከ አክስቴ ደጃፍ ያለውን ለብቻው ጽፈው ይላኩልኝ።

የዘወትር ደንበኛዎ፣
ከደሴ