«አስቸኳይ» እንደ እድር ጥሩምባ ይከበር

ደብረ ብርሃን ላይ ገና ሳይነጋ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ ይላል። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም የሚቀር የለም። «ማን ሞተ?» ነው ጥያቄው። ጥሩምባው ለጠፋ ፍየልም ለመዋጮም ቢነፋ ኖሮ ማን ከአልጋው ይነሳ ነበር?

ቢሮ ውስጥ «አስቸኳይ»ን የምንነፋው ግን ለሁሉም ነገር ነው። ድሮ ደብዳቤ ላይ ቀይ ማኅተም ፈልጎ መምታት ይጠይቅ ነበር። ኢሜይል ላይ አንዴ ጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ ቀይ ቃለ አጋኖ ብቅ ይላል። ምልክቱ ደግሞ መልእክቱን አያፈጥነውም። እንደማንኛውም ኢሜይል ነው የሚሄደው። የሚለወጠው የተቀባዩ ልብ ምት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት ሰባት «አስቸኳይ» ተደርድሯል። ቃለ ጉባኤ፣ የሻይ ክበብ መዋጮ፣ ያለፈው ወር ሪፖርት። ስምንተኛው ከሸዋሮቢት ነበር። ርዕሱ «አስቸኳይ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። እኔም ከምሳ በኋላ ነው የከፈትኩት። መብራት ጠፍቶ የክትባት ፍሪጁ ቆሟል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ሸዋሮቢት ደግሞ ቆላ ነው። ጠዋት በረዶ የያዘ ሳጥን ብንልክ ይተርፍ ነበር። የተጣሉትን ብልቃጦች ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ላኪውን አልወቅስም። ከእሱ በፊት እኛው ቃሉን ጨርሰንበታል። በተለይ አለቆች። «ቶሎ እፈልገዋለሁ» እና «ዛሬ ካልተሠራ ይበላሻል» ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ሪፖርት ነው፤ ሁለተኛው የሕፃናት ክትባት።

ርዕሱ ላይ ጉዳዩንና ሰዓቱን እንጻፍ። «የሸዋሮቢት የክትባት ፍሪጅ ቆሟል፤ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት በረዶ ይላክልን» ቢል ኖሮ ሳልከፍተውም እሮጥ ነበር። ሰዓቱ በእኛ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነም ይገለጽ። ከውጭ ድርጅቶች ጋር ስንጻጻፍ «እስከ 3 ሰዓት» ስንቴ አሳስቶናል! የምር ሲቸኩል ደግሞ ስልክ ይደወል። ኢሜይል ሰው እስኪከፍተው ይጠብቃል፤ ፍሪጅ አይጠብቅም።

የእኛ ክፍል አሁን ተስማምቷል። ዛሬ ካልተሠራ የሚበላሽ ነገር ከሌለ ቃሉ አይጻፍም። ባለፈው ሳምንት አንዴ ብቻ ተጻፈ። ሻያችንን ትተን ተነሳን።