«አብሽር» የማይለኝ አንባቢ

የመጀመሪያ ልቦለዴ ገጽ 214 ላይ አንዲት ሴትዮ ቡና ታፈላለች። ረከቦቱን ታስጠጋለች፣ ለጎረቤቷ አቦሉን ትቀዳለች፣ ስለ ልጇ ታወራለች። እስከ ዛሬም የምወደው ቦታ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ሴትዮዋን ገጽ 61 ላይ ቀብሬያታለሁ።

ይህን የነገሩኝ እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱሪ ላሳጥር ሄጄ አንድ ኮፒ በነጻ ሰጥቻቸው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱሪዬን ልወስድ ስገባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና አዩኝ።

«ቆይ እስቲ አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ሞታ አልነበር እንዴ?»

«የትኛዋ ጋሼ?»

መጽሐፉን ከጨርቁ ሥር አወጡት። ገጹ ላይ ሱሪ በሚያሰምሩበት ጠመኔ ምልክት አድርገዋል።

ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ለዘጠኝ ሰው ሰጥቼ ነበር። ዘጠኙም «አንብቤዋለሁ» ብለውኛል። ሦስቱ እንዲያውም ቀብሯ ላይ እንዳለቀሱ ምለው ነግረውኛል። ከመቃብር ተነስታ ቡና ስታፈላ ግን አንዳቸውም አላዩዋትም። ሁሉም ያሉኝ አንድ ቃል ነው። «አብሽር!»

ቃሉን ለማያውቀው ልንገረው። አብሽር ከአረብኛ የመጣ ነው። በእኛ በወሎዎች አፍ «አይዞህ» ነው፣ «ችግር የለም» ነው፣ «ይሳካልሃል» ነው። ስትታመም አብሽር፣ ፈተና ስትወድቅ አብሽር፣ መኪና ሲያመልጥህ አብሽር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ብዙ ክፉ ቀን ያለፍነው በዚህች ቃል ነው፤ እና እኔ ቃሏን አልጠላም። ረቂቅ ላይ ስትወድቅ ግን ጉድ ትሠራለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው፣ በተለይ እንደ እኔ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚጽፍ፣ ምን ይቸግረዋል ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። ገንዘብ። የወረቀት ዋጋ። ማተሚያ ቤት። አከፋፋይ። ሁሉም እውነት ነው፤ እመጣበታለሁ። እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ «ይሄ አይሆንም» የሚለኝ ሰው አጣሁ። ብዙዎቻችን በዚህ ከተማ መጻፍ የጀመርን ሰዎች የምናጣው እሱን ይመስለኛል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። ጠዋት በጭጋግ ጃኬት ለብሼ እሳፈራለሁ፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። ልቦለዱ የተጻፈው በዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ በስልክ ነው። አንድ ሰው ምዕራፎቼ ለምን አጫጭር እንደሆኑ ጠይቆኝ ነበር። ቁልቁለቱ ስለሚያልቅ ነው።

ስጀምረው ቀላል የፍቅር ታሪክ ነበር። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሰፈር፣ ቡና የምታፈላ አንዲት ጎረቤት። ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ። ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ እኛ ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ረቂቁ ፍላሽ ላይ ነበር፣ ፍላሹ ካልሲዬ ውስጥ። ኅዳር መጨረሻ ላይ መመለስ ሲቻል ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ሳይቀሩ ተዘርፈው ጠበቁን። ከዚያ በኋላ የሚያገኘኝ ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። «አንተ ትጽፍ የለ? ይሄን ጻፈው እንጂ!»

ጻፍኩት። አርባ ገጽ የስደት ምዕራፍ አዘጋጀሁና የፍቅሩ ታሪክ መጀመሪያ አካባቢ ሰካሁት። ጎረቤቲቱ የሞተችው እዚያ ነው። ከኋላ ያለውን የድሮውን ረቂቅ መለስ ብዬ ማየት ግን ረሳሁ። ሴትዮዋ ከሞት የተነሳችው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ስለሆነ። ያንን ምዕራፍ ያነበቡ ሰዎች አልቅሰዋል። እውነታቸውን ነው። እኔም ለጽሑፌ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ያለቀሱት ለራሳቸው ትዝታ ነው። እኔ «ሌሊት ወጣን» ብዬ ጽፌያለሁ፤ የወጡባትን ሌሊት የሚያውቋት እነሱ ናቸው። የጎደለውን ሁሉ ከራሳቸው ሞሉልኝ። እንዲህ ያለ አንባቢ ስህተት ሊያይ አይችልም። ቢያይስ ይናገራል? ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ «ለቅሶህ ረዘም ብሏል፣ ትንሽ አሳጥረው» የሚል ሰው አለ? ድንኳን ውስጥ እርማት የለም። እኔ ደግሞ ረቂቄን ድንኳን አድርጌዋለሁ።

ልብስ ሰፊው ግን በዚያ ሰሞን ከከተማዋ አልወጡም። ሱቃቸውን ዘግተው እዚሁ ነው የከረሙት። ስለ ምዕራፉ ስጠይቃቸው ዝም አሉ፣ ክር አሾሉ፣ ከመርፌው ጋር ታገሉ። በመጨረሻ «ይሄ ሬዲዮ የነገረን ነው» አሉ። «አንተ ምን አየህ?»

ተናደድኩ። ለሁለት ቀን ውስጤ ስከራከራቸው ነበር፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር። ሦስተኛው ቀን ምዕራፉን አውጥቼ አነበብኩት። አርባ ገጽ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። አክስቴ ቤቱን ቆልፋ ስትወጣ ቁልፉን ለበሩ መልሳ «አደራ» ስትለው። የቀረውን ማንም ሊጽፈው ይችላል።

የሚገርመኝ፣ ይህ እርማት የሚባል ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ነገራ ይሉታል። የተበላሸው ጓደኞቹ እየሰሙ እዚያው ይታረማል። የሚጀምረውም በጉባኤ ቃና ነው፣ በሁለት ቤት። ሁለት ቤት ሳያቃና ወደ ረጅሙ አይሻገርም። እኔ የጀመርኩት በ312 ገጽ ነው!

መንዙማም ያው ነው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል። ግጥሙ ከሰበረ ወይም ዜማው ከሳተ ማንም ስብሰባ አይጠራም። ቅብሉ ይቀዘቅዛል፣ ድቤው ይላላል፣ አውጪው ራሱ ይገባዋል። ሠርግ ላይ ዘፈን የሚያወጣ ሰውም ይህን ያውቃል። ወሎ ሰው የሚያሞግስበትንም የሚያርምበትንም መላ ያውቃል ማለት ነው። ልቦለድ ላይ ስንደርስ ማረሚያውን ጥለን ሙገሳውን ብቻ ያዝን።

ምክንያቱ ዕድሜው ይመስለኛል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የታተመው በ1900 ዓ.ም.፣ ያውም ሮም ውስጥ ነው። ከቅኔውና ከመንዙማው ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። ደግሞ ለብቻ የሚጻፍ፣ ለብቻ የሚነበብ ነገር ነው። ተቀባዩ ፊትህ የለም። ቅብሉ ቢቀዘቅዝም አትሰማውም።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፣ አርታኢዎችም ነበሩት። የዚያን ጊዜ ግን ሳንሱርም ነበር። ብዙ ሰው ልብ ውስጥ «አርታኢ» እና «ሳንሱር» ተደባልቀው የቀሩ ይመስለኛል። «ለምን አርታኢ አታሳየውም?» ሲሉኝ እኔ ራሴ ያልኩት «ሐሳቤን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም» ነው። ምን ዓይነት ሐሳብ እንደነበረኝ እንጃ! የሞተች ሴትዮ ቡና ማፍላቷ ይሆን?

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያሳተምኩት በእቁብ ነው። አንድ ሺህ ኮፒ። እቁቡ ሳይደርሰኝ ሐምሌ 2016 መጣና የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ማተሚያ ቤቱም የድሮውን ዋጋ እርሳው አለኝ። እቁብተኞቹን ለምኜ ዕጣውን ቀድሜ ወሰድኩ። ካርቶኖቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭነት መጡ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበላቸው ልጅ የተወለደልኝ ያህል ነበር። የወዛደሮቹ አለቃ «ምንድነው?» አለኝ። መጽሐፍ ነው ስለው የተሸካሚ ሂሳብ ቀነሰልኝ። ይህንንም ሙገሳ አድርጌ ቆጠርኩት።

አከፋፋዩን በአጭሩ ልለፈው። አንድ አዲስ አበባ ያለ አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ከሲሶ በላይ ለራሱ ያዘና ሦስት መቶ ኮፒ ወሰደ። ስደውል «ገበያው ቀዝቅዟል» ይለኛል። አሁን ስልኩንም ትቷል። ከአልጋዬ ሥር አሁንም ካርቶኖች አሉ።

ከኅትመት በፊት በምን እንዳለቅን ደግሞ ስሙ። ጽሑፌ በስልክ የተጻፈ ስለሆነ ዩኒኮድ ነው። ገጽ የሚያቀናብረው ልጅ ደግሞ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ሲያዛውረው ግማሹ ፊደል ጥያቄ ምልክትና አራት ማዕዘን ሆነ። እሱን ስናስተካክል ከረምን። ከዚያ ደግሞ የፊደል ክርክር ተነሳ። «ዓለም» በዐይኑ ዐ ነው በአልፋው አ? «ፀሐይ» በየትኛው ጸ? ሦስት ሳምንት። ልጁ እስከ ምሽት ቆይቶ ከእኔ ጋር ይከራከራል፣ እኔ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። ሁለታችንም «አርትዖት» እየሠራን መስሎናል። ሟቿ ይህን ሁሉ ጊዜ ገጽ 214 ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ትቆላለች።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሳተም ለተዘጋጀ ሰው የምለው ይኸው ነው። አንድ ሺህ ኮፒ አታሳትም። አምስት መቶ አሳትም። በተረፈህ ብር አንድ ሰው ክፈልና ረቂቅህን አስነብብ። ጓደኛ አይሁን፣ ዘመድ አይሁን፣ የመጽሐፍህ ምረቃ ላይ ንግግር የሚያደርግ ሰው አይሁን። ከፍለህ አስነብበው፤ የተከፈለው ሰው አብሽር ለማለት ያፍራል። የቋንቋ መምህር ሊሆን ይችላል፣ ደሴ እሱን አታጣም። ጡረታ የወጣ ሰው ቢሆን ደግሞ ጊዜ አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉ፤ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ብር ቢያገኙ ረቂቅህን መስመር በመስመር ይፈትሹታል።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። «ጀማሪን ሥራውን ከለመደ በኋላ አርሙት፣ አሁን አበረታቱት» ይላል። በአንድ ነገር ልክ ነው። ያለ ዘጠኙ አብሽር እኔ ምዕራፍ ሦስት ላይ አቆም ነበር። ጠዋት ተነስቼ ያንን ሚኒባስ እየጠበቅኩ የጻፍኩት በእነሱ ነው። እንዲያበረታቱኝማ እፈልጋለሁ። ግን አብሽር ከማለታቸው በፊት ያንብቡታ! ሳያነቡ ማበረታታት በሽተኛውን ሳያዩ «ተሽሎሃል» ማለት ነው። እሱ ደግሞ ይህን ስነግረው ምን አለኝ? «አብሽር፣ ትክክል ነህ።» መጽሐፌን እንዳላነበበው አሁን እርግጠኛ ነኝ።

የቀሩት ኮፒዎች ላይ አንድ መላ አግኝቻለሁ። ገጽ 214 ላይ ከሴትዮዋ ስም አጠገብ በሰማያዊ እስክርቢቶ «የሟች እህት» ብዬ እጽፋለሁ። በየኮፒው። አንዳንድ ገዢ ፊርማዬ እየመሰለው ያመሰግነኛል።

ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። በዚህኛው ለማንም ረቂቅ አልሰጠሁም። እሑድ እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጎረቤቶች አሉ፣ የአክስቴ ልጆች አሉ፣ ልብስ ሰፊውም ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ማንንም አስተያየት አልጠይቅም። ፊታቸውን ብቻ አያለሁ። ስልክ ያወጣ ሰው ካለ ገጹ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። እጣን የሚጨምር ሰው ከበዛም ነጥብ አደርጋለሁ። አቦል ላይ ሁሉም ይሰማል፣ ያ ጨዋነት ነው። ቶና ላይ ይለያል።

ባለፈው እሑድ ቶናው ሲቀዳ አክስቴ አቋረጠችኝ።

«ይሄ ከጂቡቲ ይመጣል ያልከው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ምዕራፍ አምስት ላይ፣ እታባ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ትራሱ ጋደል አለች።

«እንግዲያ ሲመጣ ቀስቅሱኝ።»

ማታ ቤት ገብቼ ከምዕራፍ አንድ እስከ አራት ያለውን ቆረጥኩት። ሰውዬው አሁን የሚመጣው አቦሉ ሳይወርድ ነው።